የነፋስ ዕዳ

መሐል ሜዳ ላይ ነው፣ ኅዳር ሲጋመስ፤
ካሜራው ሳይነሣ ይነሣል ነፋስ።
ትርሲት ከአጥሩ ሥር አፏን ስታላቅቅ፣
እሱ ቀድሞ ገብቶ ቃሏን ሲነጥቅ፣
እጄን አነሣለሁ።
"ሥዕሉ ግን ወርቅ ነው!" አለኝ ናሁሠናይ፣ አዘጋጁ፣ እየበገነ።
"ወርቅማ ወርቅ ነው፤ ቃሉ ግን በነነ።"

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ በማለዳ፤
ከጋሽ አጥናፌ ዘንድ፣ ከባና ሠሪው ቤት፣
የጥቁር በግ አጎዛ ገዛሁ፣ ግማሹን በዕዳ።
"ለመኝታ?" አለኝ። ማይኩን አሳየሁት።
ግራ ቀኝ አገላብጦ፣ እንደ ግልገል ጆሮ በጣቱ ዳሰሰው፤
"ይገርማል" አለና፣ "ብረት ታለብሳለህ፣ ብርድ እየፈጀው ሰው!"
ግን ራሱ ቆረጠው፣ በወስፌ ሰፋው፤
ጠጉሩን ወደ ውጪ፣ እንደ ሕፃን ቆብ ማይኬ ላይ ደፋው።

ሰኞ ዕለት ተያዘ።
"አልመጣም በለው" አለች ትርሲት ዝግ ብላ።
ሁለት ቃል፤ አበቃ።
እኔ ግን ሰማኋት፣ በሁለቱ መኻል
የቀረውን ነገር ከምራቋ ጋራ አላምጣ ስትበላ።
"ሁላችሁም" አልኩኝ፣ "ባላችሁበት ዝም በሉልኝ ጥቂት፣
የቦታውን ድምፅ ልያዝ።" ናሁሠናይ ሳቀ፤
"ዝምታ ይቀረፃል? ና ይልቅ ዕቃ ጫን፤ ፀሐዩ ጠለቀ።"

ደብረ ብርሃን ነው የማቀናብረው፤
ከደሴ መንገድ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣
ከጣራ እስከ ወለል ብርድ ልብስ ብቻ ነው፤
ጠርዙ የተንጋደደ፣ ከፋብሪካው በር ላይ በርካሽ የለቀምኩት።
ቀን አይሠራባትም፤ ሲኖትራክ ሲያጓራ ስንቱን ቃል አጣሁት።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ መንገዱ ሲሳሳ፣
ያኔ ነው የምነሣ።

ያን ሌሊት ነፋሱን አንድ በአንድ ለቀምኩት፤
አጎዛው ያመለጠውን፣ ያችኑ ቅሪቱን፣
ከሥሯ፣ ከላይዋ፣ ከትንፋሿ ጫፍ ላይ በዘዴ ነቀልኩት።
ጠራ። የምንጭ ውኃ ሆነ።
ግን ደጅ የለው፣ አጥር የለው፣ የሚቆርጥ ብርድ የለው፤
"አልመጣም" ትላለች፤
የቀረችበት አገር ታዲያ ወዴት ነው?
ለናሁሠናይ ደወልኩ።
"ሙዚቃ ጣልበት" አለኝ በእንቅልፍ ልቡ፤ "ዋሽንት፣ ምናምን።"
ዘጋሁት። ሞኝ ነኝ።
ነፋሱን አባርሬ፣ ጭር ያለ አውድማ ላይ መንሼን አነሣሁ፤
ያለ ነፋስ የታል ከገለባ የሚለይ እህል? ይህንን ረሳሁ።

ሲነጋ ተሳፈርኩ። የጣርማበርን ጉም በሚኒባስ አለፍኩ፤
ያንኑ አጥር ደረስኩ።
ማይኩን ከነቆቡ ለነፋሱ ጀርባ ሰጥቼ ከካቡ ሥር ተኛሁ፤
ልጆቹን "እሽ!" አልኩ፣ ውሻው አዘነልኝ፣
አምስት ደቂቃ ሙሉ በትንፋሼ ጨከንኩ።
ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤
ነፋስ ይቅርታ አይሰማም፤ እሱም እንደኔ ሥራ ላይ ነበር።

ዕዳዬን ልከፍል ሄድኩ። ጋሽ አጥናፌ ማዳመጫውን ራሱ ላይ ጫነ፤
ሰማ፣ ሰማ፣ ሰማ፤ ፊቱ ዳኛ ሆነ።
"ይቺ ኳ የምትለው የኔው ቆርቆሮ ናት፤ ምስማሯ ላልቷል!
አሁኑኑ ልምታት፤ አገር እየሰማ ቤቴ ያሳጣኛል።"
"ጋሽ አጥናፌ፣ በሞቴ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ አትምታት።"
ሳቀ። ብሩን ቆጠረ።
መዶሻዋን አይቶ አጎዛ ሥር ደበቃት።

ፊልሙን የሚያይ ሰው ልብ አይላት ይሆናል፤
ዝቅ አድርጌአታለሁ ከትንፋሽም በታች፤
ከነፋሱ ጋራ ገብታ ተኝታለች።
ግን "አልመጣም" ብላ፣
"በለው" ከማለቷ፣ በሁለቱ መኻል፣
የጋሽ አጥናፌ ጣራ
አንድ ጊዜ ኳ ይላል።